ጋሽ ጀሶን ያስቸገረችው «ሴት»

የመታወቂያ ስሙን ከማኅደሩ በቀር የሚያውቅለት የለም። በሽተኛውም፣ ሐኪሙም፣ የበሩ ጥበቃም ጋሽ ጀሶ ነው የሚሉት። እሱም ለምዶታል። አንድ ቀን ለቀልድ በእውነተኛ ስሙ ብጠራው፣ ዞር ብሎ ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው ፈለገ።

እኔ እዚያው ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ተመርቄ የመጣሁ ሰሞን ፋሻ ሳይጨማደድ እንዴት እንደሚጠቀለል ያሳየኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤትም አሳይተውኝ ነበር፤ ግን የትምህርት ቤቱ ፋሻ በማግስቱ ይላላል፣ የሱ ፋሻ በሽተኛው እስኪድን ንቅንቅ አይልም።

ወደ ሆስፒታሉ የገባው በቃሬዛ ተሸካሚነት ነው። በሽተኛውን አድርሶ እንደ መመለስ፣ የጀሶ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ እያየ ይቀር ነበር። የዚያን ጊዜው ጀሶ አሳሪ ሽማግሌ አንድ ቀን ሰለቻቸውና «ከምትገተርብኝ ባልዲውን ያዝ!» አሉት። ባልዲውን ያዘ። ከርሞ ፋሻውን ያዘ። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ያዘ። እንዲህ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ክፍሉ ጠባብ ናት። አንድ ጥቁር ቆዳ የለበሰ አልጋ፣ አንድ የምታንጠባጥብ ቧንቧ፣ ሁለት ባልዲ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የምታይ መስኮት። የጀሶ ዱቄት ያልደረሰበት ቦታ የለም፤ የጋሽ ጀሶ ቅንድብ እንኳ ያለ ዕድሜው ሸብቶ ነው የሚውለው። ሰው ሲሰበር ራጅ ይነሣል፣ ሐኪሙ ራጁን ያያል፣ ጋሽ ጀሶ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይዳስሳል። «ራጁ ፎቶግራፍ ነው፤ ጣቴ ግን ከአጥንቱ ጋር ይጫወታል» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆነው ጣቱ ነው።

ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሙያ እያለው በወረቀት ላይ ያኔም ቃሬዛ ተሸካሚ ነበር። ዕድገት ለማግኘት ፈተና አለ፤ የፈተናው ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሁለቱንም ጊዜ ወረቀቱን ነጭ እንደሆነ መለሰው። «ባዶ አይደለም» አለኝ ሁለተኛው ጊዜ፣ «ትንሽ ጀሶ አርፎበታል።»

በዚህ መሀል ነው ረጅሟ ዶክተር ከባሕር ማዶ የመጣችው። የአጥንት ሐኪም ናት፣ ለአንድ ዓመት። ቁመቷ የበሩን ጉበን ይነካል፣ መነጽሯ ከዓይኗ ይልቅ ግንባሯ ላይ ነው የሚውለው። አማርኛ አታውቅም። ከዚያ በፊት ጋሽ ጀሶ አብሯቸው የሠራ ሐኪሞች ሁሉ የአገር ልጆች ስለነበሩ «ጋሼ ጎትትልኝ፣ ጋሼ ያዝልኝ» እያሉ ነው የሚያሠሩት። እሷ ግን እንግሊዝኛዋን ለቀቀችው። ከዚያ ሁሉ ጎርፍ ውስጥ ለጆሮው የምትቀርብ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ጠዋት ስትገባ «ሴት» ትላለች። ራጁን እያየች «ሴት» ትላለች። ወደ ጀሶው እያመለከተች «ሴት» ትላለች።

በኋላ ሲነግረኝ እንዲህ አለ፤ «እኔ እኮ ሴትዮዋ ስለ ሴቶች የምታወራ መሰለኝ። ራሷ ሴት፣ የምታወራው ስለ ሴት። ለወገኖቿ የምትቆረቆር ደግ ሰው ናት ብዬ አለፍኩት።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?» ስለው፣

«ፋሻ መጠቅለል ያስተማርኩሽን ልጅ ስለ ሴት ልጠይቅ?» አለኝ።

የመጀመሪያው ሰኞ ደረሰ። ሰኞ እንደምታውቁት የእሑድ ዋዛ ሁሉ ተሰብስቦ የሚመጣበት ቀን ነው፤ ኳስ የተጫወተው፣ ጣሪያ ላይ የወጣው፣ ሲጨፍር የወደቀው። ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ዶክተሯ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገችና አውራ ጣቷን ቀስራ «ኦል ሴት?» አለችው።

«ኦል» ሁሉም ማለት እንደሆነ ጋሽ ጀሶ ያውቃል። «ሴት» ደግሞ ያው ሴት ነው። ወጣና ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጮኸ፤

«ሴቶች በሙሉ ግቡ! የዶክተር ትእዛዝ ነው!»

ሦስት ሰው በጭንቅ በምትችል ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሴት ገባ። ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት አለች፣ ትከሻዋ የወለቀ አለች፣ ባሏን ልትጠይቅ የመጣች አለች፣ ሽንት ቤቱ ወዴት ነው ልትል የቆመችም አለች። ውጭ ወንዶቹ ተነሡ። «እኛስ ዕቃ ነን?» አለ አንዱ። ክንዱን ባንገቱ ያንጠለጠለ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ «አጥንትም ፆታ አለው እንዴ ጋሼ?» እያለ በሩን በእግሩ ይነካካል።

ዶክተሯ እጇን እያደረቀች መጣች። አሥራ አንዱን አየች፤ ፈገግ አለች። አሥራ አንዱም ፈገግ አሉላት። ወደ ጋሽ ጀሶ ዞራ ግራ እንደገባት ሰው ቀስ ብላ «ኦል… ሴት?» አለች።

ጋሽ ጀሶ በጣቱ ቆጠረ። «ኦል ሴት» አላት ኮራ ብሎ። «ሌላ ሴት ውጭ አልቀረም።»

ግርግሩን ሰምቼ ስደርስ ሹፌሩ አቤቱታ ሊጽፍ እስክሪብቶ እየለመነ ነበር። ጋሽ ጀሶን ወደ ጥግ ወሰድኩትና «ኦል ሴት ማለት ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው ወይ ማለት ነው» አልኩት። ፊቱ ከጀሶው ስር ቀላ። «ታዲያ ዝግጁ ነው ወይ አትልም?» አለኝ። «እሱን እኮ ነው ያለችው» ብዬ ሳልጨርስ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ጠሩኝ።

ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ሊጠይቅ ወሰነ። ሚስቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ፀጉር ቤት አላት፤ ሦስት ወንበር፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ትልቅ መስታወት። እሱ እጅና እግር ይጠቀልላል፣ እሷ ፀጉር ትጠቀልላለች፤ ሁለቱም እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ምናልባት ለዚያ ይሆናል ትዳራቸው ያማረ።

«ስሚ እንጂ፣ ሴት ማለት ምን ማለት ነው?» አላት እራት ላይ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ካገባኸኝ ሃያ አምስት ዓመት ሆነ እኮ! ዛሬ ነው የምትጠይቀው?»

«የእንግሊዝኛውን ነው የምልሽ።»

«ኦ! እሱማ ምን አለው፣ የእኔው ሥራ አይደል? ደንበኞቼ ሴት አድርጊኝ ይሉኛል። ፀጉሩን በቢጎዲን ትጠቀልላለህ፣ ካስክ ስር ታስቀምጣቸዋለህ፣ እስኪደርቅ ሞቅ አድርገህ ትጠብቃለህ። በቃ።»

ለጋሽ ጀሶ ነገሩ ሁሉ ፏ ብሎ በራለት። መጠቅለል፣ መጠበቅ፣ ማድረቅ፤ የራሱ ሥራ እኮ ነው! ደስ ብሎት ተኛ።

በማግስቱ አንድ ፖስተኛ መጣ። ውሻ አባሮት ከብስክሌቱ ወድቆ ክንዱ ጎብጧል። ዶክተሯ ራጁን አየች፣ ማስታገሻ ሰጠችው፣ ለጋሽ ጀሶ ረዘም ያለ ነገር ተናግራ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች። ከንግግሩ የያዘው «አርም» እና «ሴት»ን ነው። ክንድ፣ ጠቅልል፣ አድርቅ። እርግጥ ነገሩ ከነከነው። አጥንቱ ጠምሞ እያለ፣ ሳይቃና ምኑ ነው የሚደርቀው? ግን ዶክተር ያዘዘችውን ቃሬዛ ተሸካሚ ምን አግብቶት ይጠይቃል! ክንዱን በጥጥና በፋሻ በጥንቃቄ ጠቀለለ፣ የቁስል ማያ መብራቱን ጎትቶ ከላዩ ደቀነ፣ ይህ ሲያንሰው ደግሞ ከጸሐፊዋ ቢሮ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተውሶ አመጣ።

«ጋሼ፣ ይኼ ምን ይባላል?» አለ ፖስተኛው።

«ሴት ይባላል።»

«ለወንድም ይሆናል?»

«አጥንት ፆታ የለውም» አለው ጋሽ ጀሶ፣ ትናንት የሰማውን።

እኔና ዶክተሯ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስንገባ ፖስተኛው በማስታገሻውና በሙቀቱ አንኮራፍቶ ተኝቷል። መብራቱ እንደ ካስክ አናቱ ላይ ተደፍቷል፣ ማሞቂያው ቀልቷል፣ ጋሽ ጀሶ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ዶክተሯ ነገሩን እስክትረዳ አፍታ ወሰደባት። ከዚያ ሳቀች። ሳቅ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ መነጽሯ ወድቆ፣ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሳቅኩ።

«ሴት ማለት እዚህ ላይ የተሰበረውን ወደ ቦታው መመለስ ነው ጋሼ» አልኩት ትንፋሼ ሲመለስ።

ጋሽ ጀሶ መብራቱን አጠፋ፣ ማሞቂያውን ነቀለ፣ ፋሻውን ፈታ። ዶክተሯ ክርኑን ይዛ ስትስብ እሱ በአውራ ጣቱ ስብራቱን ፈልጎ አገኘውና አንድ ጊዜ ገፋ አደረገው። ቀጥ አለ። እሷ ገና ቦታውን እየፈለገች ነበር። ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጁን አየች።

እሱ ግን ተጎድቷል። ከሰዓት መኪና ማቆሚያው ዳር ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። «ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሥራ፣ ስሙን ስላላወቅሁ ተሳቀብኝ» አለኝ። ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ጀሶ ገባብኝ ብሎ ዓይኑን አሸ። ከዚያ በኋላ ለቀናት ዶክተሯ ስትናገር አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል።

እሑድ የሚስቱ ታናሽ እህት ልትጠይቃቸው መጣች። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላት። ሌላው ሰው ተከታታይ ድራማ እንደሚያይ እሷ መዝገበ ቃላት ታነባለች። የሆነውን ስትሰማ እንደኛ አልሳቀችም። ጡብ የሚያህለውን መዝገበ ቃላቷን ከቦርሳዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ና ቁጭ በል ጋሼ። ከዚህ ጀምሮ…» ገጽ ገለጠች፣ «እስከዚህ። ይኼ ሁሉ ሴት ነው።»

«የአንዲት ቃል?!»

«የአንዲት ቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሴት አለች ይላሉ። ጠረጴዛ ለምግብ ሲሰናዳ ሴት ነው። የደወል ሰዓት ስትሞላ ሴት ታደርገዋለህ። ወጥመድ ሲጠመድ፣ ፈተና ሲወጣ፣ ቀለበት ላይ ፈርጥ ሲቀመጥ፣ ቤት ላይ እሳት ሲለቀቅ…»

«ሴት ብዙ ሥራ እንዳለባት አሁን ነው የገባችሁ?» አለች ሚስቱ ሳህን እያጠበች።

ጋሽ ጀሶ ራሱን ያዘ። «ይህቺ ቃል እረፍት የላትም እንዴ? ማን ይችላታል?»

«ብቻዋን ካየሃት አትችላትም። አጠገቧ ማን እንዳለ ተመልከት። ሰውስ በጎረቤቱ አይደል የሚታወቀው? አጥንት ከተከተላት አጥንቱን ወደ ቦታው መልስ ነው። ጀሶ ከቀደማት ጀሶው ጠንክሯል ነው። ከኋላዋ አፕ ካለች ዕቃውን አሰናዳ ነው። ሌላውን ለእኔ ተወው፣ አንተን አያገባህም።»

«ተመስገን! የኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ጉድ የለበትም» አለ።

ቲቸር መነጽሯን አስተካከለች። «የለበትም? ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ምን አደረገህ?»

«ያዘኝ።»

«አውቶቡስ ውስጥ ለእህቴ ወንበር ምን ታደርግላታለህ?»

«እይዝላታለሁ።»

«ሰው በድሎህ በልብህ ካስቀመጥከው?»

«ቂም ያዝኩ።»

«ጀሶህስ ውሃው መጥጦ ሲጠነክር?»

 «…ያዘ» አለ በመጨረሻ፣ እንደተያዘ ሌባ። ከተሳቀበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ የሳቀው ያኔ ነው ትላለች ሚስቱ።

ሳምንት ሳይሞላ ነው እንግዲህ ቁም ነገሩ የመጣው። ጋሽ ጀሶ እረፍት በነበረበት ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ዳቦ ጋጋሪ የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ መጡ፤ ዶክተሯ ራሷ ጀሶ አሰረችላቸው። በማግስቱ ጠዋት ገና ካርድ ሳያወጡ ክንዳቸውን በሻርፕ ሸፍነው እየጮኹ ገቡ። «ያዘኝ! ኧረ ያዘኝ!»

ዶክተሯ በዚያን ጊዜ ከኛ አፍ እየለቀመች ሃምሳ ያህል ቃል ታውቅ ነበር። ጋሽ ጀሶን «ባልዲ ያዝ፣ እግር ያዝ» ሲሉት ስለምትሰማ «ያዘ» አንዷ ናት። ሴትዮዋ ፈርተዋል፣ የሚይዛቸው ሰው ይፈልጋሉ ብላ ጎንበስ አለችና ጤነኛ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኧረ ያዘኝ እናቴ! ወጥሮ ያዘኝ!»

ዶክተሯ ይበልጥ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ትከሻቸውንም አቀፈች።

ጋሽ ጀሶ ውሃ ቀድቶ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰማ። ባልዲውን መሬት ጥሎ ገባና ሻርፑን ገለጠ። ጣቶቹ እንደተነፋ ጓንት አብጠዋል፣ ጫፋቸው ጠቁሯል። ነካቸው፤ በረዶ።

«ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ እማማ።»

«እምቢ አለኝ ልጄ። የኔም አልመስልህ አለኝ።»

ለዶክተሯ የሚነግርበት እንግሊዝኛ አልነበረውም። ሴቶች ከቀሚስ ስር የሚለብሱት ነገር ብልጭ አለለት መሰለኝ፣ «ታይት!» ብሎ ጮኸ፤ «ጀሶ ታይት! ቬሪ ታይት!» እየጮኸም መቁረጫው እጁ ገብቷል። ጀሶውን ከመዳፍ እስከ ክርን ዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው፣ ከስር ያለውን ጥጥም አንዲት ክር ሳያስቀር ቆዳው እስኪታይ ቀደደው። ዶክተሯ ጣቶቹን ስታይ ገርጥታ ነበር፤ ወዲያው ገብቷት ክንዱን ከፍ አድርጋ ያዘችለት። እኔ ስደርስ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ጣቶቹን ያያሉ። ቀስ በቀስ ጥቁረቱ ለቀቀ፣ ቀይ ሆነ። አውራ ጣት ንቅንቅ አለች።

«ለቀቀኝ» አሉ እማማ፣ ግንባራቸውን ጋሽ ጀሶ ደረት ላይ ደፍተው። «እፎይ፣ ለቀቀኝ።»

እማማ አልጋ ላይ ካረፉ በኋላ ዶክተሯ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለችና ጠየቀችኝ። «ያዘኝ ያዢኝ ማለት አይደለም?» አይደለም፣ አልኳት፤ ጨምድዶኛል፣ ሥቃዩ አልለቅ ብሎኛል ማለት ነው።  ከዚያ ለጋሽ ጀሶ እንድነግረው ነገረችኝ፤ «አንተ ስትሳሳት አንድ ሰው ጥሩ እንቅልፍ ተኛ። እኔ ስሳሳት አንዲት ሴት እጇን ልታጣ ነበር። የሳቅሁት አሳፍሮኛል።»

ጋሽ ጀሶ ሌላውን ባልዲ ገልብጦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሻይ አመጣሁላቸው። እሱ የ«ያዘ»ን ጉድ አንድ በአንድ ይነግራታል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «ስልክ ተይዟል» ጋ ስንደርስ ማን ነው ያሰረው ብላ እስክሪብቶዋን ጣለች። በዚያኛው ቀን የሳቀችውን ያህል እሱም ሳቀባት፤ ሒሳብ ተወራረደ።

ከዚያ ቀን በኋላ አላረፈችም። ይህ ሰው በወረቀት ሳይሆን በእጁ ይፈተን ብላ ለፈታኞቹ ጻፈች፣ ቢሯቸው ሄዳ ተቀመጠች፣ እንደገና ጻፈች። ፈታኞቹ ለአንድ ወር አንገራግረው ሦስት ሆነው የጀሶ ክፍላችን ድረስ መጡ። የሚታሰር እጅ ሲያስፈልግ በዚያው ሰሞን ጀሶውን ያስፈታው ፖስተኛ ጤነኛ እጁን በፈቃዱ ሰጠ። ጋሽ ጀሶ አሠረ፤ ፈታኞቹ አንኳኩተው፣ ገልብጠው አዩ። ሊቀ መንበሩ ግን ደንብ ደንብ ነው ብለው አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ማንበብ ፈለጉ። ጀሶው በስንት ጊዜ ውስጥ… ሲሉ፣ ያቺው ቃል ከንግግሩ መጨረሻ ላይ ብቅ አለች።

ጋሽ ጀሶ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። ከፊቷ የቀደማት ማን ነው? «ፕላስተር»፤ ያው ጀሶ። ከኋላዋስ? ማንም የለም።

«ፋይቭ ሚኒት፣ ሴት» አለ። ቀጠለና ሁለት ጣቱን ቀሰረ፤ «ባት ድራይ፣ ኖ! ድራይ፣ ቱ ዴይ!»

ሊቀ መንበሩ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። መጠንከርና መድረቅ ለየቅል መሆኑን፣ የጠነከረ ጀሶ ላይ በዚያው ቀን የቆመ ሰው እንደሚሰብረው፣ ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጡትም ሳይቀሩ ይስቱታል አሉ። አለፈ። ሚስቱ በዚያ ሳምንት ፀጉር ቤቷ የመጣውን ሁሉ «የጀሶ ክፍል ኃላፊው ባለቤት ናት የምትሠራሽ» እያለች ነው የምትጠቀልለው።

ዶክተሯ ዓመቷን ጨርሳ ሄዳለች። ዳቦ ጋጋሪዋ እማማ ሊጥ ያቦካሉ። ጋሽ ጀሶን በኃላፊነቱ ከምንም በላይ ያስደሰተው ግን የመጋዘኑ ቁልፍ ነው። መጋዘናችን ዝናብ ሲዘንብ በበሩ ስር ውሃ ይገባዋል፤ የጀሶው ካርቶን መሬት ላይ ተደርድሮ እርጥበት ይመታውና ግማሹ ሳይሠራበት ይበላሻል። ቃሬዛ ተሸካሚ ሆኖ ስንት ዓመት ተናግሮ የሰማው አልነበረም። በአዲሱ ማዕረጉ የፈረመው የመጀመሪያ ደብዳቤ መደርደሪያ የሚጠይቅ ነው። መደርደሪያው በመጣ ቅዳሜ ሚስቱ ፀጉር ቤቷን ግማሽ ቀን ዘግታ መጣች፤ እሷ ካርቶን እያቀበለች፣ እሱ መሰላል ላይ ቆሞ እየደረደረ፣ አንዱን ሳያስቀሩ ከመሬት አነሡት። ዝናብ ሲዘንብ አሁን ካርቶኑ ረጠበ ብሎ ሮጦ የሚያይ የለም።